የሮቢ ሸለቆ ዕቅድ ከተራራው ይጀምር
(በሸዋ ሮቢት ለደጋና ለቆላ አርሶ አደሮች የጋራ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከጣርማ በር አካባቢ የወረዳችሁ የደጋ ወገኖቻችን፣ የቀወት ገበሬዎች፣ የግብርናና የመሬት ባለሙያዎች፤ እንኳን በደህና መጣችሁ።

እስከ ዛሬ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ስናወጣ የኖርነው በየቀበሌያችን ነው። ውሃው ግን የቀበሌ ድንበር አያውቅም። ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 አይሞላም። በዚያ ቁልቁለት የወረደ የሐምሌ ዝናብ ሣርና እርከን ካልያዘው አፈሩን ጠርጎ እዚህ ይደርሳል።

ጎርፉ በጎደለ ማግስት ሮቢ ወንዝ ዳር ያለ የሽንኩርት ማሳ ሄዳችሁ እዩ። የሚቀረው አሸዋና ጠጠር ነው፤ ለም የሆነው ደቃቅ አፈር ወደ አዋሽ አልፏል። የቦዩ አፍ በደለል ተደፍኖ ጎረምሶች አካፋ ይዘው ሲጠርጉ ይውላሉ። በጋ ሲገባ ደግሞ ወንዙ ይሰልላል። ማሾው ውሃ ሲጠማ የታችኛው ሰው የላይኛውን የውሃ መሳቢያ ሞተር መቁጠር ይጀምራል፤ ጠቡም ከዚያ ይነሳል።

ሕጉ አልጠፋም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነውም ያለ ጠረጴዛማ እርከን ዓመታዊ ሰብል እንዳይዘራበት ደንግጎ ነበር። አዋጁ በኋላ በሌላ ቢተካም ተዳፋቱ ያው ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ገደል የሚያርስ ሰው ሌላ መሬት ተርፎት አይደለም። «ተው» ብቻ ብለነው ልጆቹን ምን ያብላ? ስለዚህ የመስኖ ተጠቃሚው ከሽንኩርቱ ገቢ አዋጥቶ ለደጋው የመኖ ሣርና ችግኝ፣ ለእርከኑም ጉልበት ይስጥ። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ የውሃችን ዋጋ ነው።

የት ቤት እንደማይሠራም አብረን እንወስን። በ1998 ዓ.ም. መባቻ ደብረ ሲና አጠገብ ይዛባ ወይን በሚባል ቦታ መሬት ተንዶ ስንቱን ቤተሰብ እንዳፈናቀለ ታውቃላችሁ። ከተማችንም ስትሰፋ የመስኖውን መሬት አትንካ። ከወንዙ ግራና ቀኝም ሣርና ዛፍ ብቻ የሚበቅልበት፣ ማረሻ የማይገባበት ጠርዝ ይከለል።

አይቻልም የሚል ካለ ወደ መንዝ ይመልከት። ጓሳ የሚባለውን የደጋ ሣር ምድር ለዘመናት የጠበቀው ሕዝቡ ራሱ ያቆመው የቀሮ ሥርዓት ነው። ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ጊዜው ሲደርስ ብቻ ገብተው ያጭዱ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ሕዝቡ ጓሳውን መጠበቁን አልተወም።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ከደጋም ከቆላም እኩል ሰው መርጠን፣ ባለሙያ ይዘን፣ ሰኔ ሳይገባ ወንዙን ከምንጩ እስከ ሜዳው በእግር እንየው፤ የሚታረሰውንና የሚከለለውን እዚያው በምልክት እንለይ። ለመሄድ ፈቃደኛ የሆናችሁ ከመነሳታችን በፊት ስማችሁን ለጸሐፊው አስመዝግቡ። አመሰግናለሁ።