መልስ አለው

ሰላም፣ እንዴት አመሻችሁ። ደሴ ነኝ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮቱን ሸፍኖታል። ድምፄ ሻከር ካለባችሁ ብርዱ ነው። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ሰሞኑን ውስጤ ሲመላለስ የከረመ አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ታናሽ ወንድሜ አሥረኛ ክፍል ነው። ስልኩ ላይ ጂኦሜትሪ ዳሽ የሚባል ጌም አለ። ለማታውቁት፦ አንዲት አራት ማዕዘን ነገር ሳትቆም ወደ ፊት ትሮጣለች፣ የእናንተ ሥራ ስክሪኑን እየነኩ ማዝለል ነው። እሾህ ከነካች አለቀ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ስዊድናዊው ሮበርት ቶፓላ በፈረንጆቹ 2013 ሲያወጣው፣ ተጫዋቹ የራሱን ሌቨል፣ ማለትም የጨዋታውን መንገድ፣ የሚሠራበትንም መሣሪያ አብሮ አስቀመጠ። ሰዉ ከዚያ ወዲህ የሠራው ሌቨል ጌሙ ይዞት ከመጣው በብዛት እጅግ ይበልጣል። ዴመን የሚሉት ከባዱ እርከን ብቻውን አምስት ቦታ ተከፍሏል፤ የመጨረሻው ኤክስትሪም ዴመን ነው። አንድ እንዲህ ያለ ሌቨል ለማለፍ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሙከራ የፈጀባቸው አሉ። ያቺ ሌቨል ደግሞ ሁለት ደቂቃ እንኳ ላትሞላ ትችላለች።

ባለፈው ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ስንመለስ አጠገቤ ሆኖ ይጫወት ነበር። ሀረጎን እየወጣን ዘጠና ሰባት ፐርሰንት ላይ ደረሰ። ትንፋሹን ይዟል። መኪናው ጥምዝዙ ላይ ሲታጠፍ አውራ ጣቱ አዳለጠው፤ ሞተ። ስክሪኑ ላይ ስንተኛ ሙከራው እንደሆነ ይጽፋል፦ 1412። ፒያሳ እስክንወርድ ቃል አልተነፈሰም። ማታ ተቆጣሁት። «ዓይንህን ታጠፋለህ፣ ፈተና ደርሷል፣ ለምን ራስህን ታሰቃያለህ?» አልኩት። እሱም ረጋ ብሎ «እታለም፣ የሠራው ሰው እኮ አልፎታል» አለኝ።

ይቺ መልሱ ናት ያላስተኛችኝ።

ለማጣራት ብዬ ገባሁበት። ዛሬ ካይዞ የሚባለው የከባድ ሌቨል አሠራር ስሙን ያገኘው ከአንድ የማሪዮ ጌም ነው። ካይዞ በጃፓንኛ ለውጦ መሥራት ማለት ነው። በ2007 ታኬሞቶ የሚባል ጃፓናዊ በ1990 የወጣውን ሱፐር ማሪዮ ወርልድ ከውስጡ ቀያይሮ እጅግ ከባድ አድርጎ ሠራው። ለማን? ለአንድ ጓደኛው። የጃፓንኛ ርዕሱ ራሱ፣ ለውጬ የሠራሁትን ማሪዮ ጓደኛዬን ማጫወት፣ እንደማለት ነው። ከዚያ ጓደኛው ሲጫወት የሚያሳየው ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ወጣ፣ ዓለም አየው።

እዚያ ውስጥ ያለ አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። የማይታይ ብሎክ ነው። ገደል ልትሻገሩ ስትዘሉ አየር ላይ ድንገት ብቅ ብሎ አናታችሁን ይመታና ገደሉ ውስጥ ይከታችኋል። መጀመሪያ ሳየው ክፋት መሰለኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን፣ ያንን ብሎክ ያስቀመጠው ሰው ጓደኛው የት ላይ እንደሚዘል፣ ምን ያህል እንደሚዘል፣ ምን ብሎ እንደሚያስብ ቀድሞ አውቋል። ስለ አንድ ሰው እንዲህ ተጨንቆ የሚያስብ ስንት ሰው አለ?

ሌላው የገረመኝ ሕጉ ነው። ጂኦሜትሪ ዳሽ ላይ የሠራችሁትን ሌቨል ለሌላ ሰው ከመልቀቃችሁ በፊት ራሳችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማለፍ አለባችሁ። በ2015 የወጣው፣ ተጫዋቹ የራሱን የማሪዮ ሌቨል የሚሠራበት ሱፐር ማሪዮ ሜከርም እንደዚያው ነበር። ያላለፋችሁትን ማንም ላይ መጫን አትችሉም።

አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ማታ ከሰል ከበን እንቆቅልሽ ታጫውተን ነበር። «እንቆቅልሽ!» ስትል «ምን አውቅልሽ!» እንላለን። አንድ ማታ «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት» አለችን። ብንል ብንል አልመጣልንም። አገር ልስጥሽ ስላት እምቢ አለች። ሁልጊዜ አገር ተቀብላ መልሱን የምትነግር ሴት ያን ቀን «አብሽሪ፣ መልስ አለው» ብላ ብቻ አስተኛችኝ። በማግስቱ በባዶ እግሬ ደጅ ወጥቼ ሣሩ ላይ ስቆም እግሬ ረጠበ። ፀሐይ ወጥታ ግቢያችን ስትደርስ ሣሩ ደርቆ ነበር። ጤዛ! እየሮጥኩ ገብቼ ቀሰቀስኳት።

አገር ወስዳ ብትነግረኝ ኖሮ ዛሬ አላስታውሰውም ነበር።

ተቃራኒውም ደርሶብኛል። ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህር የሒሳብ ጥያቄ ሰጥተውን ሌሊቱን ሙሉ ታገልን፤ ጠዋት «እኔም አልሠራኋትም፣ ሳትሳሳት አልቀረችም» አሉ። ከባድ ጥያቄ ሰጡኝ ብዬ አላዘንኩም። መልሱን ሳይዙ መጠየቃቸው ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ።

ለዚህ ነው ትሪሚንግ ዘ ኸርብስ የምትባለው ሌቨል ታሪክ የነካኝ። በ2017 ሱፐር ማሪዮ ሜከር ላይ የተለቀቀች፣ ሃያ ሰከንድ እንኳ የማትሞላ ሌቨል ናት። የጌሙ ሰርቨር ሚያዝያ መጀመሪያ 2024 ሊዘጋ ስለነበር፣ ቲም ዜሮ ፐርሰንት የሚባሉ ተጫዋቾች ማንም ያላለፋቸውን ሌቨሎች በሙሉ ለመጨረስ ተነሥተው ነበር፤ ወደ መጨረሻው እሷ ቀረች። ሰው ሌት ተቀን ሲሞትባት ከርሞ፣ መጋቢት ላይ የሠራት ሰው እውነቱን አወጣ፦ በእጁ አላለፋትም፣ በመሣሪያ ታግዞ ነበር። ጠያቂው መልሱን አልያዘም ማለት ነው። ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሰርቨሩ ሊዘጋ ቀናት ሲቀሩት አንድ ተጫዋች በገዛ እጁ አለፋት። ይህን ሳነብ ብቻዬን አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው። መልሱ አለ ብሎ የሚነግረው ሰው ሳይኖር መልሱን ራሱ ሆኖ ተገኘ።

ወንድሜን በዚያው ሰሞን ይቅርታ ጠየቅኩት። ፈተናው እስኪያልቅ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ተባብለን ተስማማን።

ቅዳሜ ስልኩን አምጥቶ «ላንቺ ነው» አለኝ። አርባ ሰከንድ የምትሆን ሌቨል ሠርቶልኛል። እኔ ቸኩዬ እንደምነካ ያውቃል፤ ልክ መንካት የሚያምረኝ ቦታ ሁሉ እሾህ አለ፣ አንድ ጊዜ ታግሼ ብነካ የሚያሳልፍ። ራሱ ለማለፍ ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል።

ዛሬ ስድሳ አንድ ፐርሰንት ላይ ነኝ። ይህን ልቀዳ ስቀመጥ በበሩ አንገቱን አስግጎ «ስንት ደረስሽ?» አለ። ነገርኩት።

«አብሽሪ» ብሎኝ ሄደ።

በሉ ደኅና እደሩ። ስልኩን ቻርጅ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ሳልተኛ ትንሽ ልሞክር።