ዴስኩ የሚሳሳው ወረቀት ላይ ነው፦ መንግሥት የብረት ሥራ እንዴት ይገዛል?

[ምስል፦ ቃሊቲ። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ የማምረቻ ሼድ፤ የብየዳ ብልጭታ።]

ከቃሊቲ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ ቱሉ ዲምቱ ስትወርዱ የብረት ድምፅ ከጆሯችሁ አይጠፋም። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ከውጭ የመጣውን ጥቅል ላሜራ እየቆረጡ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) እና ኤልቲዜድ (ለበርና ለመስኮት ፍሬም የሚሆን ብረት) ያወጣሉ። ገባ ባሉት ሼዶች ውስጥ ደግሞ ተደራጅተው የሚሠሩ ወጣቶች ያንኑ ብረት በር፣ መስኮት፣ አጥር፣ የፋይል መደርደሪያና የተማሪ ዴስክ ያደርጉታል። ለእነዚህ ማኅበራት ጠርቀም ያለ ትእዛዝ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከመንግሥት ነው። የከተማዋ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመርም የበርና የመስኮት ሥራ ይሰጥ የነበረው ለእንደነሱ ላሉ ማኅበራት ነው።

ዛሬ አንድ ዕቃ ይዘን ግዥውን ከመነሻው እስከ ክፍያው እንከተላለን። ዕቃው ኮምባይንድ ዴስክ ነው፤ መቀመጫውና መጻፊያው በአንድ የብረት ቋሚ የተያያዘው፣ ሁላችንም ተቀምጠን የተማርንበት።

በመጀመሪያ ሕጉን ባጭሩ። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ጊዜ የገዙት በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ነበር፤ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የራሱ የግዥ ሕግ ቢኖረውም መሠረቱ ተመሳሳይ ነው። መደበኛው መንገድ ግልጽ ጨረታ ነው፤ አነስ ያለ ግዥ በዋጋ ማቅረቢያ፣ ማለትም ሁላችንም ፕሮፎርማ በምንለው ይፈጸማል። የፌዴራል ጨረታዎች አሁን በኤሌክትሮኒክ የግዥ ሥርዓት በኩል ይወጣሉ። አሸናፊ የሚሆነው በአብዛኛው የተጠየቀውን ቴክኒካዊ መስፈርት ካሟሉት መካከል ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው።

«የተጠየቀውን ካሟሉት» የሚለውን ልብ በሉ። ምንድን ነው የተጠየቀው?

[ምስል፦ የስፔሲፊኬሽን ወረቀት፤ አንድ መስመር ብቻ።]

ብዙ ጊዜ የምታገኙት እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ «ከጠንካራ ብረት የተሠራ፣ ጥራቱን የጠበቀ ኮምባይንድ ዴስክ፣ ለሦስት ተማሪ፣ ብዛት 500።» ይህን ወረቀት ሁለት ማኅበራት አነበቡት እንበል። አንዱ ዴስክ 30 በ30 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ 9 ሜትር ይፈልጋል። የመጀመሪያው ማኅበር ልጆች እንደሚዘሉበት ያውቃልና 1.5 ሚሊ ውፍረት ባለው ብረት ዋጋውን ይሠራል። የዚህ ብረት አንዱ ሜትር 1.34 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ለአንድ ዴስክ 12 ኪሎ ያህል ማለት ነው። ሁለተኛው በ1.2 ሚሊ ያሰላል። ሜትሩ ወደ 1.08 ኪሎ ይወርዳል፤ ዴስኩ 10 ኪሎ አይሞላም። በአንድ ዴስክ 2.3 ኪሎ፣ በ500 ዴስክ ከ1,100 ኪሎ በላይ ብረት ጎደለ። ቀለም ከተቀባ በኋላ ሁለቱን ጎን ለጎን ብታቆሟቸው በዓይን አትለዩአቸውም።

የጨረታው ሳጥን ሲከፈት ሁለተኛው ያሸንፋል። ማንንም አላታለለም፤ ውፍረት አልተጠየቀም። የተጎዳው በወፍራሙ ያሰላው ማኅበር ነው፤ ከእሱ በላይ ደግሞ በሁለተኛው ዓመት ብየዳው በለቀቀ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው የሚቀመጡት ልጆች ናቸው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ታማኝነትን ከጨረታ የሚያስወጣው ሌብነት ብቻ ነው ብለን እናስባለን፤ አንድ ያልተጻፈ ቁጥርም ያስወጣዋል።

ታዲያ ምን ይጻፍ? የቱቦላሬው ስፋትና ውፍረት በሚሊ ሜትር። ከፋብሪካ የሚመጣ ብረት ውፍረቱ ትንሽ ከፍና ዝቅ ስለሚል የሚፈቀደው ልዩነትም አብሮ ይጻፍ፤ ኢኤን 10219 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ ለስስ የግንባታ ቱቦላሬ እስከ 10 በመቶ ይፈቅዳል። በዚህ ሚዛን 1.2 ለ1.5 ፈጽሞ አያልፍም። ብየዳው በመጋጠሚያው ዙሪያ ሙሉ ይሁን ወይስ በነጥብ ብቻ? ይለይ። ከቀለም በፊት ዝገቱ ተጠርጎ አንቲረስት፣ ማለትም የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባ። የእግሮቹ ጫፍ በላስቲክ ወይም በተበየደ ላሜራ ይዘጋ፤ ክፍሉ በታጠበ ቁጥር ውኃው ክፍት በሆነው ቱቦ ውስጥ እየገባ ከውስጥ ያዝገዋልና። ልኬቱ የተጻፈበት ንድፍ ይያያዝ። የአንድን ድርጅት የንግድ ምልክት ጠርቶ «ይህን አቅርቡ» ማለት ግን ክልክል ነው፤ ሌላ መግለጫ ጠፍቶ ምልክት የግድ ከተጠቀሰ «ወይም ተመጣጣኝ» የሚል ይከተለዋል።

እዚህ ላይ ለግዥ ሠራተኞች ልሟገት። የታሪክ መምህር፣ ሒሳብ ሠራተኛና ንብረት ክፍል ያሉበት ኮሚቴ ስለ ብየዳ እንዲጽፍ ሲታዘዝ ካለፈው ዓመት ወረቀት ላይ ቢገለብጥ አይፈረድበትም። እውቀቱ ግን ሩቅ አይደለም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የብረታ ብረት ክፍል አላቸው፤ እዚያ ያለ አንድ አሠልጣኝ በግማሽ ቀን ይህን ወረቀት አስተካክሎ ይሰጣል። ደብዳቤ ጻፉላቸው።

ሌላው ጥያቄ ብዛቱ ነው። 2,000 ዴስክ በአንድ ሎት (በአንድ የጨረታ ምድብ) ከወጣ ትንሹ ሼድ ከበሩ ይመለሳል። ግዥው በአንድ ጨረታ ውስጥ በሎት ቢከፋፈል ሕጋዊ ነው፤ ትንንሾቹም እንደ አቅማቸው ይገባሉ። ግልጽ ጨረታን ለመሸሽ ብሎ አንዱን ፍላጎት በየወሩ በፕሮፎርማ መበጣጠስ ግን የተከለከለ ነው። ሁለቱ ከሩቅ ቢመሳሰሉም አንዱ በር ይከፍታል፣ ሌላው ይዘጋል።

[ምስል፦ ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ)፣ ንግድ ፈቃድ፣ የታክስ ክሊራንስ።]

ሰነዱን ታውቁታላችሁ፦ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የታክስ ክሊራንስ፣ የአቅራቢነት ምዝገባ። ከባዱ ዋስትናው ነው። በ2002ቱ የፌዴራል መመሪያ የውል ማስከበሪያ ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ ነበር። የቅድሚያ ክፍያ እስከ 30 በመቶ ይፈቀድ ነበር፤ ለእሱም ተመጣጣኝ ዋስትና ይጠየቅ ነበር። ያው መመሪያ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት በባንክ ዋስትና ፋንታ ካደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ እንዲያቀርቡ ፈቅዶ ነበር፤ በዋጋ ውድድርም የ3 በመቶ ልዩ አስተያየት ሰጥቷቸው ነበር። የጨረታ ሰነድ ስትገዙ እነዚህ መብቶች እንዴት እንደተጻፉ አንብቡ፤ ካልገባችሁ ከመዝጊያው ቀን በፊት ማብራሪያ በጽሑፍ ጠይቁ።

ዋጋ ስትሞሉ ደግሞ የብረቱን ባሕርይ አትርሱ። ላሜራው የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከዚያ በፊት የተሞላ ዋጋ ምን ላይ እንደወደቀ የሼዱ ሰው ሁሉ ያውቃል። ጨረታው ጸንቶ የሚቆይበት ቀን በረዘመ ቁጥር ተጫራቹ ስጋቱን ዋጋው ላይ ይጨምራል፤ ገዥውም ይከፍላል። ግምገማውን ቶሎ መጨረስ ራሱ ገንዘብ ማዳን ነው።

[ምስል፦ የትምህርት ቤት ግቢ፤ ዴስክ የጫነ አይሱዙ፤ የመሬት ሚዛን።]

አሁን ዕቃው ደርሷል። ስፔሲፊኬሽኑ የቱንም ያህል ቢያምር እዚህ ካልተለካ ዋጋ የለውም። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ያዙና የእግሩ ጫፍ ሳይዘጋ ውፍረቱን ለኩ፤ የቀለሙን ውፍረት እንዳትቆጥሩ አንድ ቦታ ፋቅ አድርጉ። ተዘግቶ ከመጣ ሚዛን አለላችሁ። 1 ካሬ ሜትር ላሜራ በ1 ሚሊ ውፍረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል፤ በ1.5 ሚሊ 11.8 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከዚህ ተነስታችሁ አንድ ዴስክ ስንት ኪሎ መሆን እንዳለበት አስቀድማችሁ አስሉ፤ እንጨቱን አውጥታችሁ ብረቱን ብቻ መዝኑ። የምትመዝኑትን ራሳችሁ ምረጡ፤ ከፊት የቆመውን ብቻ አትውሰዱ፣ ከጭነቱ መሀልም አስወርዱ። ከጨረታው ጋር የቀረበው ናሙና ተፈርሞበት መጋዘን ተቆልፎበት ከቆየ ንጽጽሩ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

የጎደለ ካለ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ይመለስ። የተስተካከለው ግን ያለ ምክንያት አይዘግይ፤ ሞዴል 19 (የንብረት መረከቢያ ደረሰኝ) ሳይቆረጥ የክፍያ ጥያቄው አይንቀሳቀስም። ለትልቅ አቅራቢ ሦስት ወር መጠበቅ ይከብዳል፤ ለአነስተኛ ማኅበር ደግሞ ያ ብር የሚቀጥለው ትእዛዝ ላሜራ መግዣና የበያጆቹ ደሞዝ ነው። ስለዚህ ውል ስትፈርሙ ርክክቡ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያልቅ፣ ክፍያውም ከርክክቡ በኋላ በስንት ቀን እንደሚፈጸም በቁጥር ይጻፍ። ገዥም ሆናችሁ ሻጭ፣ ባዶ የተተወች ቦታ ካያችሁ ሳትሞሉ አትፈርሙ።