ዘና ለማለት ስታገል

እንደምን ሰነበታችሁ ወዳጆቼ። ዛሬም ከባሕር ዳር ነኝ። ከኋላዬ የምትሰሙት የጀልባ ሞተር ነው፤ ወደ ዘጌ እየሄደ ይሆናል። መስኮቱን ልዝጋ ብል ደግሞ ሙቀቱ አያስቀምጠኝም።

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ከውጭ ሲመጣ ግንባር ላይ የሚታሰር መሣሪያ ይዞልኝ መጣ። የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ያነባል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትቀመጣላችሁ። አልፋ የሚባለው ሞገድ ሲጎላ በጆሮ ማዳመጫው ደወል ይሰማል፤ ሲደክም ዝም ይላል። ኒውሮፊድባክ የሚሉት ይኼው ነው።

አልፋ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ገደማ የሚመላለስ ሞገድ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር ነው በፈረንጆቹ 1929 ለዓለም ያሳወቀው። ዓይን ሲጨፈን ይጎላል፣ ሲገለጥ ይደበዝዛል።

የመጀመሪያው ቀን ደወሉን ካልሰማሁ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ምንም የለም። ስልኬ ላይ ሞገዱን የሚያሳየው መስመር ግን ይተራመሳል። ኋላ ሳነብ እንደገባኝ የመንጋጋና የግንባር ጡንቻ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ የአንጎሉን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለካ ሳይ የቆየሁት የጥርሴን ንክሻ ነው!

እማዬ በሩ ሥር ትፈትላለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ምነው ልጄ፣ ራስሽን አመመሽ?»

«የለም እማዬ፣ ዘና ማለት እየተማርኩ ነው።»

«ታዲያ ፊትሽን ምን አጨማደደው?»

ልጅ ሳለሁ ፈትል ያስተማረችኝ እሷ ናት። አስተማረችኝ ማለት ከተቻለ! ባዘቶውንና እንዝርቱን እጄ ላይ አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ሄደች። ስቸኩል ክሩ ይበጠሳል፣ ስፈራ ይወፍራል። እጄ ከክሩ ተማረ። እንዴት እንደሆነ ዛሬም ንገሪን ብትሉኝ አልችልም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆ ካሚያም ሰዎች አልፋ ላይ መሆን አለመሆናቸውን እንዲገምቱ አድርጎ «ልክ ነህ፣ ተሳስተሃል» ብቻ ይላቸው ነበር። ቀስ በቀስ ማወቅ ጀመሩ። ሌላው ተመራማሪ ባሪ ስተርማን ደግሞ ድመቶችን አሠልጥኗል፤ የሚፈለገው ሞገድ ሲመጣ ምግብ ይሰጣቸዋል። በኋላ እነዚያን ድመቶች ለሮኬት ነዳጅ ሲያጋልጣቸው ነዳጁ የሚያመጣው የሚጥል መንቀጥቀጥ ካልሠለጠኑት ዘግይቶ ያዛቸው። ድመት ደግሞ ይሠራልኛል ብላ ተስፋ አታደርግም፤ እኔን የገረመኝ ይኼ ነው።

እኛ ግን ተስፋ እናደርጋለን። ኒውሮፊድባክ ትኩረት የሚያስቸግራቸው ልጆች ላይ ሲፈተን፣ ከአንጎላቸው ጋር ያልተያያዘ የውሸት ደወል የሚሰሙትም ከእውነተኛው ያልተናነሰ የተሻላቸው ጊዜ አለ። ስለዚህ በሽታ ያድናል ብሎ በውድ የሚሸጥላችሁ ሰው ከመጣ ኪሳችሁን ያዙ። እኔ ራሴ የረዳኝ ደወሉ ይሁን ሃያ ደቂቃ ስልኬን አለመነካካቴ፣ መለየት አቅቶኛል።

በዘጠነኛው ቀን መጣ። የአንድ ጀልባ ድምፅ እየራቀ ሲሄድ ዝም ብዬ እያዳመጥኩ ነበር። ደወል፣ ደወል፣ ደወል። «መጣ!» ከማለቴ ጠፋ።

ትናንት እማዬ ልሞክረው አለች። ነጠላዋን ገለጥ አድርጌ አሰርኩላት። ዓይኗን ጨፈነች፤ ደወሉ ወዲያው መደወል ጀመረ። ቀናሁ፣ ምን ይደረግ። ትንሽ ቆይቶ ግን ጸጥ አለ። እንቅልፍ ሲመጣ አልፋ ይከስማል፤ እማዬ አንቀላፍታለች። ማሰሪያውን ቀስ ብዬ ፈታሁላትና እንዝርቱን ከእጇ ወሰድኩ።