እንቅርት፣ ጨው እና ምስር የሚያካክሉት አራት ዕጢዎች

[ምስል፦ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ። ጨው የሚሰፍሩ እጆች።]

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ! «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። የወሎ ደጋ ላይ ያደገ ሰው ደግሞ በነጠላ የተሸፈነ እንቅርት ያውቃል። ዛሬ ነጠላውን ገለጥ እናድርገው።

[ምስል፦ የአንገት ሥዕል።]

መስታወት ፊት ቁሙ። ቀና በሉና አንድ ጉንጭ ውሃ ዋጡ። ከማንቁርታችሁ ዝቅ ብሎ፣ ስትውጡ ከፍ ዝቅ የሚል እብጠት ካያችሁ ከታይሮይድ ዕጢ ሊሆን ይችላል። ጤነኛዋ ታይሮይድ ብዙ ጊዜ አትታይም። ቢራቢሮ ትመስላለች። ክብደቷ ከ15 እስከ 25 ግራም ቢሆን ነው። ግን የልብ ምትን፣ የሰውነት ሙቀትን፣ የሕፃን አእምሮ እድገትን የምትመራው እሷ ናት።

ይህን የምታደርገው በደም በምትልካቸው መልእክተኛ ንጥረ ነገሮች፣ በሆርሞኖቿ ነው፤ ቲ3 እና ቲ4 ይባላሉ። ቁጥሩ በውስጣቸው ያለውን የአዮዲን፣ ከምግብ የምናገኘው ማዕድን፣ አቶም ብዛት ይናገራል። አዮዲን ካጠረ ሆርሞን ያጥራል። ያኔ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ «ሥሪ፣ ሥሪ!» እያለች ታይሮይዷን ትወተውታለች። ጥሬ ዕቃ የሌላት ታይሮይድ ስትታገል፣ ስትታገል ታብጣለች። እንቅርት ማለት ይሄው ነው። ሌላ መነሻም አለው፤ በደጋው ግን ዋናው ይህ ነው።

[ምስል፦ ተዳፋት ማሳ፣ ዝናብ።]

አዮዲን በጎርፍ ከአፈር ጋር ይታጠባል። የእኛ ተዳፋት ስንት ዘመን እንደታጠበ ታውቃላችሁ። እዚያ የበቀለው ገብስም አዮዲን ያንሰዋል። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ነው፤ ነፍሰ ጡር 250። ብናኝ ናት! ለዚህ ነው ጨው ውስጥ የሚጨመረው።

የሚያንገበግበኝ ግን ጨዉን አጥበን ፀሐይ ላይ ማስጣታችን ነው። አዮዲኑ አብሮ ይሄዳል። እባካችሁ አትጠቡት። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃ ራቅ አድርጉት። ወጥ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። ጨው አብዙ ማለቴ ግን አይደለም።

ሆርሞኑ ሲያንስ ሰው ይደክመዋል፣ ይበርደዋል፣ ይወፍራል፣ ሆዱ ይደርቃል። «ሰነፈች» እየተባለች የምትታማ ስንት እህት ታማ ይሆን? ሲበዛ ደግሞ ልብ ይደልቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እየበሉ መክሳት ይመጣል፣ አንዳንዱም ዓይኑ ይፈጣል። ቲኤስኤች የሚባል የደም ምርመራ ይለየዋል። መድኃኒትም አለው፤ አብሽሩ።

[ምስል፦ ታይሮይድ ከጀርባ።]

አሁን ቢራቢሮዋን ገልብጡ። ጀርባዋ ላይ ምስር የሚያካክሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዕጢዎች ተለጥፈዋል። ፓራታይሮይድ ይባላሉ። ሥራቸው ሌላ ነው፤ የደም ካልሲየም ይጠብቃሉ። ሲጎድል ከአጥንት ያስወጣሉ፣ ኩላሊትም በሽንት እንዳያፈሰው ያደርጋሉ። ከልክ በላይ ከሠሩ አጥንት ይሳሳል፣ ኩላሊት ጠጠር ይይዛል።

እንቅርት በቀዶ ሕክምና ሲወጣ እነዚህ ዕጢዎች ሊጎዱ ይችላሉ። ከኦፕሬሽን በኋላ ከንፈርና ጣት ከነዘረ፣ እጅ ከተኮማተረ፣ ካልሲየም ወርዶ ሊሆን ይችላል። «ብርድ መታኝ» ብላችሁ ሳታድሩ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ተመለሱ።