ለቀስትዎ የሚስማማ ፍላጻ ከየት ይገዛል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስለ ቀስትና ፍላጻ በስልክ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል በአየር ሰዓቱ በቂ ምላሽ ያላገኙትን ከዚህ በታች በጽሑፍ መልሻለሁ። ጠያቂዎቹ በሙሉ በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚኖሩ ናቸው። አብዛኞቹ የጠየቁት «የት ልግዛ?» ብለው ቢሆንም፣ ሻጩ የሚታወቀው በሚጠይቀው ጥያቄ ስለሆነ መልሴ በተደጋጋሚ ወደዚያው ይመለሳል።

ከለገጣፎ የደወሉ አድማጭ፦ «ከአሜሪካ ስመለስ ያመጣሁት ባለ 60 ፓውንድ የአደን ቀስት አለኝ፤ ባለ መዘውሩ ኮምፓውንድ የሚባለው ዓይነት ነው። ፍላጻዎቹ ግን አልቀዋል። እዚያ የሚኖረው ወንድሜ ለበዓል ሲመጣ ገዝቶ ሊያመጣልኝ ነው። ከትልቅ የስፖርት ዕቃ መደብር ይግዛ፣ ቀስት ብቻ ከሚሸጥ ሱቅ ይግዛ ወይስ በኢንተርኔት ይዘዝልኝ?»

ከሱቁ በፊት ልክዎን ለወንድምዎ ይላኩለት። ፍላጻ እንደ ልብስ በልክ የሚሠራ ዕቃ ነው፤ ለአንዱ የተስማማው ለሌላው ላይስማማ ይችላል። በእርስዎ ቀስት አውታሩ የሚሳብበትን ርቀት የሚወስነው መዘውሩ ስለሆነ፣ ልኩን ቤትዎ ሆነው መውሰድ ይችላሉ። ረዘም ያለ ፍላጻ አውታሩ ላይ ሰክተው፣ ፊትዎን ከኋላው አፈር ወዳለው የዒላማ መደብ አዙረው ሙሉ በሙሉ ይሳቡ። ከጎንዎ የቆመ ሰው፣ በምንም ምክንያት ከፊትዎ ሳይሆን፣ ፍላጻው የሚያርፍበት መደገፊያ ፊት ለፊት ዘንጉ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርግ። ከዚያ አውታሩ ከሚገባበት ስንጥቅ ውስጠኛ ጫፍ እስከ ምልክቱ ይለኩና፣ የአደን ስለት እጅዎን ወይም ቀስቱን እንዳይነካ 1 ኢንች ይጨምሩበት። የፍላጻዎ ርዝመት ይህ ነው፤ የፊተኛው ብረት በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ከዚህ ጋር የቀስቱን ኃይል (አውታሩን ለመሳብ የሚጠይቀውን ፓውንድ) እና የሚፈልጉትን የብረት ክብደት፣ ለምሳሌ 100 ወይም 125 ግሬይን (ከግራም ያነሰ የክብደት መለኪያ) መሆኑን፣ ጨምረው ይላኩ።

እነዚህ ቁጥሮች የሚፈለጉት የዘንጉ ግትርነት በእነሱ ስለሚወሰን ነው። አውታሩ ሲለቀቅ ፍላጻው ከኋላ ስለሚገፋ ለቅጽበት ይጎብጣል፣ እየተወዛወዘም ይሄዳል። ጉብጠቱ ከቀስቱ ኃይል ጋር ካልተመጣጠነ ተኳሹ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ፍላጻው ቀጥ ብሎ አይበርም። ፋብሪካዎች ግትርነቱን የሚለኩት ዘንጉን በ28 ኢንች ልዩነት በሁለት በኩል ደግፈው መሐሉ ላይ 880 ግራም በማንጠልጠል ሲሆን፣ ግማሽ ኢንች የጎበጠው ዘንግ 500 የሚል ቁጥር ይጻፍበታል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘንጉ ግትር ነው ማለት ነው። በ60 ፓውንድ ቀስት ለሚተኮስ 28 ኢንች የሚጠጋ ፍላጻ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው 400 አካባቢ ያለው ነው፤ የመጨረሻውን ውሳኔ ግን የአምራቹ ሠንጠረዥ ይስጥ። ረጅም ዘንግ ወይም ከባድ ብረት ፍላጻውን ያለሰልሰዋል፣ አጭር ዘንግና ቀላል ብረት ደግሞ ያገትሩታል፤ ስለዚህ ከሦስቱ ቁጥሮች አንዱ እንኳ ከተሳሳተ ምርጫው ሁሉ ይዛባል።

ወደ ሱቁ ምርጫ ስንመጣ፣ እኔ ቀስት ብቻ የሚሸጠውንና ዘንጉን እዚያው ቆርጦ የሚያዘጋጀውን ሱቅ አስቀድማለሁ። በትልቁ መደብር በብዛት የሚገኘው በአንድ ርዝመት ተቆርጦ የታሸገ ፍላጻ ነው፤ ሆኖም አንዳንዱ መደብር መቁረጫ ማሽንና የሠለጠነ ሠራተኛ ያለው የቀስት ክፍል ስላለው፣ ወንድምዎ «ዘንጉን ማን ነው የሚቆርጠው?» ብሎ መጠየቁ አይቀር። በኢንተርኔት ማዘዝም ልኩን አጥብቆ ለሚያውቅ ሰው ነውር የለበትም፤ በተጠየቀው ርዝመት ቆርጠው የሚልኩ ሻጮች አሉ። ነገር ግን እዚያ የሚኖር ሰው ያልተስማማውን በማግሥቱ ይመልሳል፤ ለገጣፎ ላሉት ለእርስዎ ግን መመለስ ማለት ሌላ መንገደኛ መጠበቅ ነው። የመጀመሪያው ግዢ ትክክል መሆን ስላለበት፣ ጥቂት ተጨማሪ ዶላር ለሚያውቅ እጅ መክፈሉ አያስቆጭም።

ሻጩን ለመፈተንም ወንድምዎ ሱቁ ገብቶ «ለ60 ፓውንድ ቀስት ፍላጻ እፈልጋለሁ» ብቻ ይበልና ዝም ይበል። ሻጩ ካርቶን ከመክፈቱ በፊት የሳቡን ርዝመት፣ የብረቱን ክብደትና ለምን እንደሚውል ከጠየቀው ከእሱ ይግዛ። «ይህ ለሁሉም ይሆናል» ካለው ግን አመስግኖ ይውጣ፤ ለሁሉም የሚሆን ፍላጻ የለም።

ከመክፈሉ በፊት እያንዳንዱን ፍላጻ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ያንከባልለው፤ የሚዘል ወይም የሚንቀጠቀጥ ካለ ይተወው። ጭራው (አውታሩ የሚገባበት ስንጥቅ ያለው የኋላ ጫፍ) አውታሩ ላይ ሲሰካ ቀጭ ብሎ መያዝ፣ አውታሩ በጣት መታ ሲደረግ ደግሞ መላቀቅ አለበት። አጠቃላይ ክብደቱ ለእያንዳንዱ ፓውንድ ከ5 ግሬይን ማነስ የለበትም፤ ለእርስዎ ቀስት ይህ 300 ግሬይን፣ ማለትም 19 ግራም ተኩል ያህል ነው። ከዚያ የቀለለ ፍላጻ ቀስቱን ራሱን ሊሰብረው ይችላል። ለአደን የሚሆነው ደግሞ ከ400 ግሬይን በላይ ቢሆን እመርጣለሁ። እዚህ ከደረሰ በኋላ እያንዳንዱን ለማመዛዘን የወርቅ ቤት ሚዛን ይበቃዎታል። በዚህ አጋጣሚ ተለዋጭ ጭራዎችንም ከዚያው ሱቅ ያስጨምሩ፤ መጠናቸው ስለሚለያይ በኋላ ተመሳሳዩን ማግኘት ያስቸግራል።

ጉዞውን በተመለከተ ፍላጻ በአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች በእጅ ሻንጣ አይፈቀድም፤ ስለቱ ተሸፍኖ በሚጫነው ሻንጣ ይገባል። አየር መንገዱንና የአገራችንን ጉምሩክ ግን ዕቃው ከመገዛቱ በፊት መጠየቅ የእርስዎ ፋንታ ነው።

ከሰበታ የደወሉ አድማጭ፦ «40 ፓውንድ ሪከርቭ ቀስት አለኝ፤ መዘውር የሌለው፣ ጫፎቹ ወደ ፊት የተቀለበሱት ዓይነት ነው። በቴሌግራም አንድ ሰው ያገለገሉ የካርቦን ፍላጻዎችን በርካሽ አቅርቦልኛል፤ ልግዛ?»

ዘንጉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በፎቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁት፤ ቁጥሩ ጠፍቶ ከሆነ ይተዉት። ለእርስዎ ቀስት የሚስማማው እንደ ርዝመቱ 500 ወይም 600 አካባቢ ነው። አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ በአራት አኃዝ ይጻፋል፤ 2117 የሚለው ለምሳሌ ውፍረቱ የኢንች 21/64ኛ፣ የቱቦው ግድግዳ ውፍረት ደግሞ የኢንች 17 ሺኛ መሆኑን ይናገራል።

ቁጥሩ ቢስማማም በዓይንዎ ሳያዩ አይክፈሉ። የተሰነጠቀ የካርቦን ዘንግ ሲተኮስ ሊፈነዳ፣ ስንጣሪውም ቀስቱን በያዘው እጅዎ ሊሰካ ይችላል፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ርኅራኄ የለኝም። ጥጥ በጣትዎ ይዘው ከጫፍ እስከ ጫፍ በዘንጉ ላይ ቀስ አድርገው ይሳቡት፤ ጥጡን የያዘ ቦታ ካለ ቃጫው ተነሥቷል ማለት ነው። ቀጥሎ ዘንጉን ከፊትዎ አርቀው፣ ሁለቱን ጫፎች ይዘው በጥቂቱ ያጉብጡትና እያዞሩ ይድገሙት። ጠቅ ወይም ኩሽ የሚል ድምፅ ከሰሙ፣ ሻጩ ያው ዘንግ ለሌላ ሰው እንዳይሸጥ ሰብሮ እንዲጥለው ይንገሩት። ጤነኛ ሆነው ከረዘሙብዎት ደግሞ ለብረት ሠራተኛ በመጋዝ አያስቆርጡ፤ በመጋዝ የተቆረጠ ካርቦን ጠርዙ ይተለተላል። በፍጥነት የሚሽከረከር ቀጭን ዲስክ ያስፈልገዋል፤ አቧራውም ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ቆራጩ አፍንጫውን ይሸፍን።

ከሱሉልታ የደወሉ እናት፦ «ልጄ በእንጨት ቀስት መለማመድ ጀምሯል። የሰፈራችን አናጢ ፍላጻ ልሥራለት ይላል፤ ይቻላል?»

ኃይሉ አነስተኛ ለሆነ የእንጨት ቀስት ይቻላል፤ ለባለ መዘውር ቀስት ግን የእንጨት ፍላጻ ፈጽሞ አይታሰብ። ከሕጋዊ ጣውላ ቤት የተገዛ፣ ቃጫው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለና አንጓ የሌለው እንጨት ይምረጡ፤ ቃጫው ወደ ጎን የሚወጣ ዘንግ የሚሰበረው እዚያው ላይ ነው። በደንብ የደረቀ ቀርከሃም ተሰንጥቆ ከተላገ ያገለግላል። አናጢው ዘንጉን በ66 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ደግፎ መሐሉ ላይ 900 ግራም የሚያህል ዕቃ ያንጠልጥል፤ 16 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ከጎበጠ ለ40 ፓውንድ ቀስት የተመጠነ ነው። ለልጅዎ ቀለል ያለ ቀስት ጉብጠቱ ከዚህ መብለጥ አለበት፤ ለ25 ፓውንድ 26 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ከሁሉም በላይ ፍላጻዎቹ እርስ በርሳቸው መመሳሰል አለባቸው፤ አንዱ ግትር ሌላው ለስላሳ ከሆነ ልጁ ጥፋቱ የራሱ ይሁን የዕቃው መለየት አይችልም። ርዝመቱም በሙሉ ሲሳብ ከቀስቱ እጀታ አልፎ እንዲወጣ ያድርጉ፤ አጭር ፍላጻ ወደ ውስጥ ተስቦ እጁን ሊወጋው ይችላል። ቀስቱ ለፍላጻው የተለየ መደገፊያ ከሌለው ፕላስቲክ ሳይሆን እውነተኛ ላባ ያስደርጉለት፤ ላባ እጀታውን ሲነካ ይታጠፋል፣ ፕላስቲኩ ግን ፍላጻውን ገፍቶ ያስተዋል።

ከሆለታ የደወሉ አድማጭ፦ «ፍላጻዬን በመናገሻ ደን ድኩላ ላይ ብሞክረውስ?»

አይሞክሩት። በአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው፤ ፈቃድን የሚመለከተው ጥያቄም ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ይቀርባል። በዚያ ደን ያለው የምኒልክ ድኩላ ደግሞ በአገራችን ብቻ የሚገኝ ነው። ፍላጻዎን ከኋላው ከፍ ያለ የአፈር መደብ ባለው፣ ሰውና ከብት በማያልፍበት ቦታ፣ በዒላማ ላይ ይሞክሩ።

ከገላን የደወሉ አድማጭ፦ «አዲስ የገዛኋቸው ፍላጻዎች በሪከርቭ ቀስቴ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይሄዳሉ። ሻጩ አታልሎኝ ይሆን?»

ቀኝ እጅ ከሆኑ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዘንጉ ለቀስትዎ ከመጠን በላይ መገተሩ ነው፤ ከመጠን በላይ የለሰለሰው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ለማረጋገጥ ከተመሳሳዮቹ ፍላጻዎች የአንዱን ላባ አንሡና ከባለ ላባዎቹ ጋር ከ15 ሜትር አካባቢ ይተኩሱት። ላባ የሌለው ከሌሎቹ ግራ ከተሰካ ጥርጣሬው ልክ ነው። ሻጩን ከመክሰስዎ በፊት 100 ግሬይኑን ብረት በ125 ይተኩትና ፈተናውን ይድገሙት፤ ክብደቱ ፊት ላይ ሲጨምር ዘንጉ ይለሰልሳል። በዚህ ከተስተካከለ የሚገዙት ብረቱን ብቻ ነው። ካልተስተካከለ ግን ዘንጉን ይመልሱ፤ ሲገዙም ስለ ሳብዎ ርዝመት ጠይቆዎት ካልነበረ፣ ቀጣዩን ፍላጻ ከሌላ ሻጭ ይፈልጉ።