ሳምቡሳው ሁለት አለቃ አለው

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚገኙ ኢትዮጵያውያን የምግብ ቤት፣ የባልትና ሱቅና የእንጀራ መጋገሪያ ባለቤቶች የተዘጋጀ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ሰኞ ማታ ገበያ የሚቀዘቅዝበት ቀን ቢሆንም ድስት ጥዶ መምጣት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ለረጅም ዓመታት የምግብ ቤት ተቆጣጣሪ ሆኜ ስሠራ ወገኖቼ አዘውትረው የሚጠይቁኝ «መንግሥት ከእኔ ምን ይፈልጋል?» ብለው ነበር። መልሱ የሚከብደው በምግብ ጉዳይ «መንግሥት» የሚባል አንድ አካል በዚህ አገር ስለሌለ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እናገራለሁ።

አንዲት ባለሙያ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የምስር ሳምቡሳ እየሠራች፣ አሽጋ ለሱቆች ማከፋፈል ጀመረች እንበል። በፌዴራል ደረጃ የሚመለከታት የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ፣ ሁላችንም ኤፍዲኤ የምንለው ነው። ሥራው ሲሰምርላት ደንበኞቿ የሥጋም ጠየቋት። ጥሬ ሥጋው ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ ሦስት እጅ ሲያልፍ ሳምቡሳው ከኤፍዲኤ ወጥቶ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ይሻገራል። ሊጡ ያው ነው፣ ዘይቱም ያው ነው፣ ሴትዮዋም ያችው ናት። ነገር ግን የምስሩን ክፍል የኤፍዲኤ ሰው በዓመታት አንድ ጊዜ ሊጎበኘው ሲችል፣ የሥጋውን ክፍል የግብርና ሚኒስቴሩ መርማሪ ሥራ ባለበት ቀን ሁሉ ያየዋል። ያንኑ ሳምቡሳ በራሷ ምግብ ቤት ጠብሳ ለተቀመጠ ተመጋቢ ብታቀርበው ደግሞ ከሁለቱ አንዳቸውም አይመጡባትም፤ በሯን የሚያንኳኳው የካውንቲው የጤና መሥሪያ ቤት ነው።

ይህን ያቀደ ሰው የለም። ሰኔ 30 ቀን 1906 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሁለት ሕጎችን በአንድ ቀን ፈረሙ፤ አንዱ የሥጋ ምርመራ ሕግ ሲሆን ሌላው የምግብና የመድኃኒት ንጽሕና ሕግ ነው። የቺካጎ ቄራዎች ጉድ አደባባይ ወጥቶ ሕዝቡ ተቆጥቶ ስለነበር ለሥጋው በየቄራው የሚቆም መርማሪ ተመደበለት። ለቀረው ምግብ የደረሱት ናሙና እየወሰዱ የሚመረምሩ ኬሚስቶች ናቸው። ያን ጊዜ ሁለቱም ወገኖች በግብርና ሚኒስቴር ሥር ነበሩ፤ የኬሚስቶቹ ወገን ኤፍዲኤ ተብሎ በ1940 ከሚኒስቴሩ ወጣ። ቤቱ ቢለያይም የአሠራሩ ጠባይ ሳይለወጥ እስከ ዛሬ ቆየ፤ ሥጋ በየቀኑ ይታያል፣ ሌላው አልፎ አልፎ ይታያል።

ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተጨመሩ። በአትክልት ላይ ሊቀር የሚችለውን የፀረ ተባይ መጠን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ይወስናል፣ መከበሩን ግን ኤፍዲኤ ይቆጣጠራል። የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ፣ ሲዲሲ፣ ታማሚ ቆጥሮ ወረርሽኙ ከየት እንደመጣ ይከታተላል እንጂ ማንንም የመዝጋት ሥልጣን የለውም። የኮንግረሱ ኦዲተሮች ቆጥረው 15 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ቢያንስ 30 ሕጎችን እንደሚያስፈጽሙ ጽፈዋል፤ ጉዳዩንም በ2007 ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው የመንግሥት ሥራዎች መዝገብ ውስጥ አስገብተውታል። ከነቅርፊቱ ያለ እንቁላል በዋናነት የኤፍዲኤ ነው፤ ተሰብሮ በፋብሪካ የተዘጋጀው የግብርና ሚኒስቴር። ዓሣ በጠቅላላው የኤፍዲኤ ሆኖ ሳለ ካትፊሽን ብቻ ኮንግረስ በ2008 ለግብርና ሚኒስቴር ሰጠው። ለጤና ታስቦ ነው የሚሉ አሉ። ከቬትናም የሚመጣውን ርካሽ ዓሣ ለመከላከል ነው የሚሉም አሉ፤ እኔ ከሁለተኞቹ ወገን ነኝ።

አሁን ወደ ክትፎው እንምጣ፤ ዓይናችሁ እሱን ሲጠብቅ አይቻለሁ። በ1993 በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል በደንብ ያልበሰለ የሀምበርገር ሥጋ ከ700 በላይ ሰዎችን አሳምሞ አራት ሕፃናት ሞቱ። ያመጣው ኢ ኮላይ ከተባሉት ተሕዋስያን አንዱ ዓይነት ነው። በማግስቱ ዓመት የግብርና ሚኒስቴሩ ይህ ተሕዋስ የተገኘበት የተፈጨ ጥሬ ሥጋ መሸጥ እንደሌለበት ወሰነ። ተሕዋሱ በአብዛኛው የሚኖረው በሥጋው ገጽ ላይ ነው። ሥጋው ሲከተፍ ወይም ሲፈጭ የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ክትፎ ከቁርጥ ይልቅ ያሠጋል። ቁርጥም ቢሆን ከሥጋት ነጻ አይደለም። ሥጋው ላይ ያለውን የግብርና ሚኒስቴሩን ክብ ማኅተም አይታችሁ «መንግሥት መርምሮታል» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ያ ማኅተም በሬው ታሞ እንዳልታረደ፣ ቄራውም በደንቡ እንደሠራ ይመሰክራል። ሥጋው ከተሕዋስ ፍጹም የጸዳ ነው አይልም፤ ምርመራው በአብዛኛው የተሠራው «ሥጋው ይበስላል» በሚል ግምት ነው።

ታዲያ ክትፎ ክልክል ነው? አይደለም። ኤፍዲኤ የምግብ ቤት ሞዴል ደንብ ያወጣል፤ ሞዴል ስለሆነ ክልሎችና ካውንቲዎች ተቀብለው፣ አንዳንዴም ቀይረው፣ የራሳቸው ሕግ ያደርጉታል። በሞዴሉ መሠረት ምናሌው የትኛው ምግብ ጥሬ ወይም ለብ ለብ እንደሆነ ለይቶ ማመልከት፣ ጥሬ ሥጋ መብላት ለሕመም ሊያጋልጥ እንደሚችልም ማስጠንቀቅ አለበት። ለልጆች በተዘጋጀ ምናሌ ላይ ግን ያልበሰለ የተፈጨ ሥጋ አይቀርብም። ዲሲ፣ ሞንትጎመሪና አሌክሳንድሪያ የሚሠሩበት ጽሑፍ አንድ ዓይነት ላይሆን ስለሚችል፣ ሁለተኛ ቅርንጫፍ የምትከፍቱ ሰዎች የመጀመሪያውን ምናሌ እንዳለ ገልብጣችሁ አታትሙ።

ቅርጫንም ሳላነሣ አላልፍም። ፋሲካ ሲቃረብ ብዙዎቻችን ተሰባስበን ወደ ገጠር እንወጣለን፤ በሬ መርጠን፣ ዋጋ ተከራክረን፣ አሳርደን መደብ መደቡን እንካፈላለን። የፌዴራሉ የሥጋ ምርመራ ሕግ ቅርጫ ብሎ ባይጠራውም ለዚህ ቦታ ትቷል። ከብቱ ከመታረዱ በፊት የተካፋዮቹ ንብረት ከሆነ፣ ሥጋውንም ባለቤቶቹ፣ ቤተሰባቸውና ገንዘብ የማይከፍሉ እንግዶቻቸው ብቻ ከበሉት፣ በእርዱ ላይ የመንግሥት መርማሪ መቆም ግዴታ አይደለም። እንዲህ ያለው ሥጋ ከአራጁ ቤት ሲወጣ «ለሽያጭ አይሆንም» የሚል ጽሑፍ ይደረግበታል። ጣጣው የሚመጣው ሥጋው ሲተርፍ ነው። «ሁለት መደብ ተርፎናልና ወደ ወንድሜ ምግብ ቤት ይሂድ» የተባለ ቀን ያልተመረመረ ሥጋ ለንግድ ቀረበ፤ ይህ የፌዴራል ጥፋት ነው። በልጃችሁ ሠርግ ለታዳሚ ብታቀርቡት እንግዳ አይከፍልምና ችግር የለውም። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ሰሃን በሰሃን እየሸጣችሁ ገንዘብ ስታሰባስቡ ግን ከዚያ ሥጋ ጉርሻ ታህል መግባት የለባትም። የካውንቲው ሰው ማቀዝቀዣችሁን ከፍቶ «ይህ ከየት ተገዛ?» ሲል የምታሳዩት ደረሰኝ ይኑራችሁ። ለግብርና ሚኒስቴሩ ዓይን የሚሆነው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ከሥጋው ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን በርበሬው ነው። ከአገር ቤት የሚመጣ በርበሬ፣ ኮረሪማና ሚጥሚጣ ሁሉ የኤፍዲኤ ነው፤ ኤፍዲኤም ወደብ ላይ ከሚገባው ጭነት በዓይኑ የሚያየው እጅግ ጥቂቱን ነው። በ2002 በወጣው ሕግ ጭነቱ ከመድረሱ በፊት ማሳወቅ ግዴታ ሆነ። በ2011 ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት ሕግ ደግሞ ከባዱን ሸክም አስመጪው ላይ ጣለው። አቅራቢው የት እንደሚያሰጣ፣ እንዴት እንደሚያስፈጭ፣ ምን እንዳስመረመረ አጣርቶ በጽሑፍ የሚይዘው አስመጪው ራሱ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አስመጪ መሆናችሁን ያልተረዳችሁ አስመጪዎች አላችሁ። የዘመድ በርበሬ በካርቶን እያስላካችሁ በሱቅ የምትሸጡ ማለቴ ነው።

ኤፍዲኤ ከ2007 እስከ 2009 ከውጭ በገቡ ቅመሞች ላይ ባደረገው ምርመራ፣ ከመቶ ሰባት እጅ ያህሉ ጭነት ሳልሞኔላ ተገኝቶበታል። ይህ ተሕዋስ በደረቅ ቅመም ውስጥ ባይራባም ለረጅም ጊዜ ሳይሞት ይቆያል። ወጥ ውስጥ የሚቁላላው በርበሬ እሳት ስለሚያገኘው ብዙ አልፈራም። ክትፎ ላይ የሚነሰነሰው ሚጥሚጣና ከቁርጥ ጋር የሚቀርበው አዋዜ ግን እሳት አያያቸውም። ስለዚህ ምርመራችሁን ከእነሱ ጀምሩ፤ ላቦራቶሪ ገንዘብ ያስከፍላል፣ አንድ ወረርሽኝ ግን ድርጅት ይዘጋል።

የሥራ ክፍፍሉ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ የ2023ቱን የቀረፋ ነገር ላስታውስ። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ሕፃናት ደማቸው ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ተገኘ። የክልሉ የጤና ባለሙያዎች ቀረፋ ካለበት የታሸገ የፖም ገንፎ ጋር አያያዙት፤ ኤፍዲኤ ምርቱ ከገበያ እንዲሰበሰብ አስደረገ፤ ሲዲሲ በየክልሉ የተጎዱትን ቆጠረ። ቀረፋው የተፈጨው ኢኳዶር ነበር። ሁሉም የድርሻውን ሠርቷል፤ ሁሉም የሠራው ግን ልጆቹ ከበሉ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሊያስቆመው ይችል የነበረው ቀረፋውን የገዛው ድርጅት ብቻ ነበር።

«አንድ መሥሪያ ቤት ቢሆን አይሻልም?» ትሉኝ ይሆናል። ካናዳ በ1997 የፌዴራል የምግብ ቁጥጥሯን በአንድ ድርጅት ሥር አድርጋለች። እዚህም ሐሳቡ ለብዙ ዓመታት ሲነሣ ሲወድቅ ኖሯል፤ በኮንግረስ ውስጥ የየመሥሪያ ቤቱ ጠባቂ ኮሚቴ ስላለ ቶሎ ይሆናል ብዬ አልጠብቅም። ኤፍዲኤ ራሱ በጥቅምት 2024 የምግብ ክፍሉን እንደገና አደራጅቷል፤ የሥጋው አጥር ግን ባለበት ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። አዲስ ምርት ከመጀመራችሁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት፣ ምርቱ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ምግብ ቤትን የሚቆጣጠረው የጤናው ክፍል ሲሆን፣ ሱቅንና የምግብ ማምረቻን የሚያየው የክልሉ የግብርና መሥሪያ ቤት ነው። ከፊት እንጀራ ሸጣችሁ ከኋላ ቁርስ የምታቀርቡ ሰዎች የትኛው እንደሚመዘግባችሁ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። እንጀራ ጋግራችሁ ለሌላ ሱቅ የምታከፋፍሉም የኤፍዲኤ ምዝገባ ይመለከታችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ሰሊጥ ከ2023 መግቢያ ጀምሮ በመለያ ጽሑፍ ላይ መገለጽ ካለባቸው ዘጠኝ ዋና ዋና የአለርጂ ምግቦች አንዱ ሆኗልና፣ ሰሊጥ ያለበት ቆሎና ዳቦ የምታሽጉ ሰዎች መለያችሁን ነገ ጠዋት እዩት።

አሁን መድረኩ የእናንተ ነው። ስለ ቅርጫው የሚነሣው ክርክር እንደሚበዛ ስለምገምት ከእሱ እንጀምር።