ከዩ ስትሪት ቤቶች ጀርባ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋሽንግተን ዲሲ የገባሁ ሰሞን፣ ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር ወደ ናይንዝ እና ዩ ስትሪት እሄድ ነበር፤ እንጀራውም፣ ቡናውም፣ ያገር ሰውም እዚያ ይገኝ ነበርና። ሠፈሩን የእኛ አድርጌ ስለቆጠርኩት፣ በማልፋቸው የጡብ ቤቶች ውስጥ ማን ይኖር እንደነበር ሳልጠይቅ ዓመታት አለፉ፤ ይህም ዛሬ ድረስ ያሳፍረኛል።

ይኖሩባቸው የነበሩት ጥቁር አሜሪካውያን መምህራን፣ ሐኪሞች፣ ነጋዴዎችና የመንግሥት ጸሐፊዎች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ በባርነት የኖሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ። በዲሲ ባርነት የቀረው በ1862 ነው፤ የጥቁሮች የትምህርት ማዕከል የሆነው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እዚያው ከተማ በ1867 ተመሠረተ። ከባርነት የወጣ ሰው የሚወርሰው ርስትም ሆነ የሚነግድበት ጥሪት ስላልነበረው፣ ይህ መካከለኛ መደብ ሥር የሰደደው በመሬት ላይ ሳይሆን በትምህርትና በወር ደመወዝ ላይ ነው። ጥሪት ለመያዝ የሞከሩትም ክፉ ነገር ገጥሟቸዋል፤ ከባርነት ለወጡ ሰዎች የተቋቋመው የፍሪድመንስ ባንክ በ1874 ሲዘጋ፣ ብዙ ቆጣቢዎች ያጠራቀሙትን ሳያገኙ ቀርተዋል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን፣ በኋላ ደንባር የተባለው፣ የጥቁር ተማሪዎች የነበረው የኤም ስትሪት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የነጮቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁር ምሁር ስለማይቀጥሩ፣ በዩኒቨርሲቲ ማስተማር ይገባቸው የነበሩ ሰዎች እዚህ ለጉርምስና ልጆች ላቲንና ታሪክ ያስተምሩ ነበር። በባርነት የተወለዱት አና ጁሊያ ኩፐር ትምህርት ቤቱን በርዕሰ መምህርነት መርተዋል፤ በ1925ም፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ ካለፈ በኋላ፣ ከፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀብለዋል።

ይሁን እንጂ በደመወዝ የቆመ ቤት፣ ደመወዝ ከፋዩ ፊቱን ሲያዞር ይናጋል። ከ1913 ጀምሮ የፕሬዝዳንት ዉድሮው ዊልሰን አስተዳደር በየመሥሪያ ቤቱ ጥቁር ሠራተኞችን ከነጮች መለየት ጀመረ፤ በ1914 ደግሞ ሥራ አመልካች ፎቶግራፉን እንዲያያይዝ ስለታዘዘ፣ ፈተና ያለፈን ሰው መልኩን አይቶ መጣል ቀላል ሆነ። በዚያው ዘመን የዩ ስትሪት ሰዎች የራሳቸውን ባንክ ከፈቱ፤ በ1919ም ኋይትሎው ሆቴልን በጥቁሮች ገንዘብና በጥቁር አርክቴክት ንድፍ አቆሙ።

ኢትዮጵያዊው ሐኪም ዶክተር መላኩ በያን በሃዋርድ ሕክምና ሲማሩ የተቀበላቸው ይኸው ማኅበረሰብ ነበር፤ ባለቤታቸው ዶረቲ ሃድሊም ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። አሁን ልጄን ይዤ ወደ ሠፈሩ ስሄድ፣ መጀመሪያ ኋይትሎው ሆቴል የነበረው ሕንጻ ፊት እንቆማለን፤ ወደ ምሳ የምንሄደው ከዚያ በኋላ ነው።